ላሙ ደሴት ላይ ግራ ገብቶኛል፤ ታክዋ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም ናችሁ? አሁን ኬንያ፣ ላሙ ነኝ። የቀረኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ትናንት እ.ኤ.አ. በ1821 ተሠርቶ ያለቀውን ምሽግ አየሁ። ከዚያ በጠባቦቹ መተላለፊያዎች ስዞር ዋልኩ። መንገዱ የአህያ ነው። አንዷ ድንጋይ እንደተጫነች ከግድግዳው ጋር አጣብቃኝ አለፈች! የተቀረጹት የእንጨት በሮች ግን ሰው ያፈዝዛሉ።

ችግሬ ታክዋ ነው፤ ማንዳ ደሴት ላይ ያለው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ። ጀልባ የሚገባው በማንግሮቭ (ባሕር ውሃ ውስጥ በሚበቅሉ) ዛፎች መሃል ስለሆነ ባሕሩ መሙላት አለበት። ጀልባ ነጂው "ከሰዓት ይሞላል" ይላል። መቼ እንደሚጎድል ስጠይቀው ይስቃል። እዚያው ተቀርቅሬ ማደር አልፈልግም። የሄዳችሁ ካላችሁ፣ ፍርስራሹን ለማየት ስንት ሰዓት ይበቃል? ወይስ ትቼው በእግሬ ሼላ የባሕር ዳርቻ ልሂድ? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።