ለወጥ ቤትና ለመታጠቢያ ቤት ኳርትዝ ይሻላል ወይስ ግራናይት?

ጠያቂ፦
እንደምን ሰነበታችሁ? አዲስ አበባ ሰሚት አካባቢ የማሠራው ቤት ማጠናቀቂያው ላይ ደርሷል። ለኪችን ካቢኔቱም ለመታጠቢያ ቤቱም ነጭ ኳርትዝ ለማስገጠም አስቤ ነበር፤ ባለቤቴ ግን ድስቱንም ጀበናውንም ከእሳት አውርዳ እዚያው ስለምታሳርፍ ግራናይት ይሁን ትላለች። የወጥ ቤቱ መስኮት የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ ያስገባል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የድንጋይ ሠራተኛ፦
ባለቤትዎ እውነታቸውን ነው። ኳርትዝ የሚባለው ገበታ እንደ ግራናይት ከተራራ ተቆርጦ የመጣ ሳይሆን፣ በአብዛኛው 90 በመቶ ገደማ የተፈጨ ድንጋይ ሬዚን በተባለ ሙጫ ተጣብቆ በፋብሪካ የተሠራ ነው። ድንጋዩ እሳት ባይፈራም ሙጫው 150 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሊጎዳ ይችላል፤ ቦታው ይነጣል ወይም ቢጫ ይሆናል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በኋላ ቢፈትጉት አይመለስም። ፀሐይም ቀስ በቀስ ነጩን ያወይበዋል። ስለዚህ ምድጃው አጠገብና መስኮቱ ሥር ግራናይት፣ መታጠቢያ ቤት ኳርትዝ ያድርጉ።

የለቡ ነዋሪ፦
እኔ ነጭ ኳርትዝ አለኝ፤ ውኃና ዘይት ስለማይመጥ ለጽዳት የሚስተካከለው የለም። አንድ ማታ ግን እርድ የነካው ማማሰያ እላዩ ላይ አደረና ጠዋት ቢጫ ቅርጹን አገኘሁት፤ በቤኪንግ ሶዳ ለማስለቀቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ጀበና ያለ ማቶት አይቀመጥበትም። ግራናይት ከገዙም ጠብታ ውኃ አድርገውበት 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ቦታው ከጠቆረ ሲለር የሚባለው መከላከያ ፈሳሽ ያስፈልገዋል። እብነ በረድን ግን ሎሚ ስለሚበላው ለወጥ ቤት ባያስቡት ይሻላል።

ሌላ አባል፦
አንድ ነገር ልጨምር። ኳርትዝ በደረቁ ሲቆረጥ የሚነሣው ብናኝ የሠራተኛውን ሳንባ ለማይድን በሽታ ስለሚዳርግ፣ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ መሥራቱንም መግጠሙንም ከልክላለች። የተገጠመው ገበታ ለቤተሰብ አያሰጋም፤ ቆረጣው ግን በውኃ፣ ያውም በወርክሾፕ ይሁን እንጂ ሳሎንዎ ውስጥ አይሁን።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው ወጥ ቤቱ ጥቁር ግራናይት ይሁን። ውፍረቱስ 2 ሴንቲ ሜትር ይበቃል?

የድንጋይ ሠራተኛ፦
ከሥሩ ካቢኔት ካለ ይበቃል። ለሲንኩ ቀዳዳ ግን ልኩን በወረቀት ጽፈው አይላኩ፤ ሲንኩን ራሱን ገዝተው ይዘው ይምጡ።