የ125 ሲሲ ሞተሬን ሳሳድስ ቴስታታውን በ150 ልቀይረው?

ጥያቄ፦
የተከበራችሁ የሙያው ባለቤቶች፣ ዕቃ የማመላልስበት፣ በሆንዳ ሲጂ 125 ንድፍ የተሠራ ሞተር ሳይክሌ ዘይት መብላት ስለጀመረ ሞተሩን አስወርጄዋለሁ። ፒስተኑንና ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበቶች) መለወጤ ስለማይቀር፣ በዚያው ቫልቮቹ ሰፋ ያሉትን የ150 ሲሲ ቴስታታ (የሲሊንደሩን የላይኛ ክዳን) ልግጠምበት ብዬ አስቤአለሁ፤ ሻጩም ይገጥማል ብሎኛል። ዓላማዬ ጭነት ይዤ የእንጦጦን ዳገት ስወጣ ጉልበት እንዳያንሰኝ ነው። ሲሊንደሩን ሳልነካ ቴስታታውን ብቻ ብቀይር ይጠቅመኛል?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ በቡሎን ቢታሰርልዎ እንኳ ጉልበቱ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። የ125ቱ ሲሊንደር ስፋት 56.5፣ የ150ው 62 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሁለቱም የፒስተን ምት 49.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱም 9 ለ1 ያምቃሉ (የገባውን አየርና ቤንዚን ወደ አንድ ዘጠነኛ ይጨምቃሉ) ብለን ብናሰላ፣ በ125ቱ ቴስታታ ውስጥ ያለው የማቃጠያ ክፍል 15.5 ሲሲ ገደማ፣ የ150ው ደግሞ 18.7 ሲሲ ገደማ ይይዛል፤ ይህን ትልቁን ክፍል በትንሹ ሲሊንደር ላይ ሲያስቀምጡት እመቃው ወደ 7.6 ይወርዳል። ከዚህም በላይ የክፍሉ ጠርዝ ከሲሊንደሩ አፍ ዙሪያውን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያልፍ ጓርኒሲዮኑ (በቴስታታውና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ለእሳት ይጋለጣል።

መልስ 2፦
በተባለው እስማማለሁ። የ150ውን ከፈለጉ ሲሊንደሩን፣ ፒስተኑንና ቴስታታውን አብረው ይግዙ፤ ነገር ግን የሲሊንደሩ ሸሚዝ (ፒስተኑ የሚመላለስበት የውስጥ ቱቦ) ወደ ሞተሩ አካል አፍ መግባቱን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይለኩ። እኔ ግን የራሱን ቴስታታ በሚገባ ቢያሳድሱ እመርጣለሁ። ቫልቮቹን ሳይፈቱ፣ እሳት በሌለበት ቦታ፣ በአየር መግቢያውና በጭስ መውጫው ቀዳዳ ቤንዚን ያፍስሱ፤ በቫልቮቹ ዙሪያ ከረጠበ መቀመጫቸው ይሞረድ። ዘይት እንዳያልፍ የሚከለክለው የቫልቭ ጎማ ካረጀም ዘይት የሚበላው በዚያ በኩል ሊሆን ይችላል፤ ፒስተን ብቻ ቀይረው በወሩ ሞተር ያስወረዱ ሰዎችን ስላየሁ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ስለምትል አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ ቤንዚኑም ለአየሩ ይበዛበታል፤ ስለዚህ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከያዘ በካርቡራቶሩ ውስጥ ያለውን የቤንዚን መርጫ በአንድ ደረጃ ጠበብ ባለው ይለውጡት።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቤንዚኑን አፍስሼ አየሁት፤ የጭስ መውጫው ቫልቭ ወዲያውኑ ረጠበ፣ ካንዴላውም ጥቁር ነው። የ150ውን ትቼ የራሱን ቴስታታ ነገ ቶርኖ ቤት (የብረት መሞረጃ ሱቅ) እወስደዋለሁ።