መነጽር ለሚያደርግ ሞተረኛ የትኛው ሄልሜት ይሻላል?

ጥያቄ፦ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ከቀበሌ ቀበሌ በሞተር መዞር ነው። አንዳንዴም ጣርማ በርን አልፌ ደብረ ሲና እወርዳለሁ። መነጽሬ ማይነስ አራት ነው፤ ያለ እሱ መንገዱ አይታየኝም። ሄልሜቴ ከመሥሪያ ቤት የተሰጠኝ፣ ሙሉ ፊት የሚሸፍን ነው። በሁለት ነገር ተቸግሬያለሁ። የመነጽሬን ዘንግ ከጆሮዬ በላይ ስለሚጫነው ጥቂት ከነዳሁ በኋላ ራሴን ያመኛል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ በብርዱ መነጽሬን ትንፋሼ ይሸፍነዋል።

አንዱ ባልደረባዬ «አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ግዢ» ይለኛል። ሌላው «ፊቱ ክፍት የሆነውን ግዢና ተገላገዪ» ይላል። በቅርቡ አዲስ አበባ ስለምሄድ እዚያ ልገዛ አስቤያለሁ። ምን ምን ልይ?

መልስ፦ ሞተረኛ፣ ሸዋ ሮቢት

እህቴ፣ ቁጥር ከፍ ማድረጉን ተዪው። ሰፊ ሄልሜት ስትወድቂ ራስሽ ላይ ይዞራል፤ ሊወልቅም ይችላል። ለመነጽሩ የሚያስፈልገው ከጆሮ በላይ ያለች ጠባብ ቦታ ብቻ ናት። አንዳንድ ሄልሜቶች እዚያ ቦታ ላይ ስፖንጃቸው ለመነጽር ተብሎ ቦይ ወጥቶለታል። ሱቅ ስትገቢ ጣትሽን ወደ ውስጥ አስገብተሽ ዳብሺው፤ በእጅ ይታወቃል።

ራስሽን በልብስ ሰፊ ሜትር ለኪ። ከቅንድብ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከኋላ በሰፊው በኩል ዞሮ የሚመጣውን ሴንቲሜትር ያዢና ከሄልሜቱ ቁጥር ጋር አስተያዪ። ሹሩባ የምትሠሪ ከሆነ ተሠርተሽ ሳለ ለኪ፣ ተሠርተሽም ሂጂ። በልክሽ የሆነ ሄልሜት ጉንጭሽን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። በእጅሽ ይዘሽ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስታዞሪው የጉንጭሽ ቆዳ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ሄልሜቱ ብቻውን ከዞረ ሰፍቶሻል። ግንባርሽ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ከወጋሽ ግን ቅርጹ ለአንቺ ራስ አይሆንም። ሌላ ሞዴል ሞክሪ።

እኔ የምመርጠው የአገጭ መሸፈኛው ወደ ላይ የሚነሳውን ነው። መነጽርሽን ሳታወልቂ ታጠልቂዋለሽ። እንደኛ ቆላ ውስጥ ቆም ስትዪ ከፍተሽ ትተነፍሻለሽ። ክብደቱ ከሌላው ትንሽ ይበልጣል፣ ድምፅም ያስገባል። ስትነጂ ግን አገጩ ይዘጋ።

መልስ፦ በድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ

ስለ ክፍቱ ሄልሜት አንድ ነገር ልበል። ክፍቱ የራስ ቅልን ይጠብቃል፤ መንጋጋን፣ አፍንጫንና ጥርስን ግን አይጠብቅም። መነጽር የሚያደርግ ሰው ሲወድቅ ደግሞ መጀመሪያ ፊቱ ላይ የሚሰበረው መነጽሩ ነው። እባክሽ ሙሉውን አድርጊ። የሌንስሽንም ዓይነት ጠይቂ። ብርጭቆ ከሆነ ወደ ፕላስቲክ፣ ከተገኘም ፖሊካርቦኔት ወደሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ቀይሪው።

ሄልሜት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለሚጠራጠር ሰው፦ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት ግምገማ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ፣ ሄልሜት የሞትን አደጋ 42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን 69 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አግኝቷል።

መልስ፦ የመነጽር ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን

የራስ ምታቱ ግማሽ ምክንያት መነጽሩ ራሱ ሊሆን ይችላል። ዘንጉ ወፍራም ከሆነ ወይም ጫፉ ከጆሮ ኋላ ጠምዘዝ ካለ ከሄልሜት ጋር አይስማማም። ለመንዳት ቀጭንና ቀጥ ያለ ዘንግ ያለው ፍሬም ቢኖርሽ ጥሩ ነው። ሄልሜቱን አስቀድመሽ አጥልቂ፣ መነጽሩን ከዚያ በኋላ በቀስታ አንሸራትተሽ አስገቢ። አገጩ ለማይነሳው ሄልሜት ሌላ መንገድ የለውም። ከገባ በኋላ አፍንጫሽ ላይ እንደወትሮው መቀመጡን እዪ። ሄልሜቱ ወደ ላይ ከገፋው ወይም ካጣመመው በሌንሱ መሐል አታዪም፤ በማይነስ አራት ይህ ዓይን ያደክማል።

በፀሐይ የሚጠቁር ሌንስ ካለሽ ሄልሜት ውስጥ ብዙም አይጠቁርም። የሚያጠቁረው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ ያንን ደግሞ የሄልሜቱ የፊት መስታወት አብዛኛውን ያስቀረዋል። ከውስጥ የሚወርድ ጥቁር መስታወት ያለው ሄልሜት ካገኘሽ፣ ሲወርድ መነጽርሽን እንዳይነካ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሞክሪው። ጣርማ በር ዋሻ ከመግባትሽ በፊትም አንሺው። ከፀሐይ ወደ ጨለማ በድንገት ሲገባ ዓይን ቶሎ አይለምድም።

መልስ፦ መምህር፣ መሐል ሜዳ

የትንፋሹን ጉዳይ እኛ የመንዝ ሰዎች እናውቀዋለን። በውርጭ ጊዜ ሁላችንም አፋችንን በሻርፕ እንጠቀልላለን። ትንፋሹ ታዲያ መውጫ ሲያጣ በአፍንጫ በኩል ወደ ላይ ይወጣና ቀዝቃዛው ሌንስ ላይ ያርፋል። ሻርፑን አንገትሽ ላይ ብቻ አድርጊው። ሄልሜት ስትገዢ አፍንጫ ላይ የሚገጠም የትንፋሽ መከለያ እንዳለው ጠይቂ፤ ትንሽ የጎማ ቁራጭ ናት፣ ትንፋሹን ወደ ታች ትመልሳለች። የአገጩን የአየር ቀዳዳም ክፈቺው።

ችግሩ የሚብሰው ስትዘገዪ ነው፤ አየሩ አይንቀሳቀስማ። የጣርማ በርን ጠመዝማዛ ከከባድ መኪና ኋላ ሆነሽ ስትወጪ የፊት መስታወቱን አንድ ደረጃ ብቻ ከፈት አድርጊ። ፒንሎክ የሚባል ከመስታወቱ ውስጥ የሚገጠም ሁለተኛ ንጣፍ አለ። በጣም ጥሩ ነው፤ ግን የሚረዳው የሄልሜቱን መስታወት እንጂ መነጽርሽን አይደለም። ለመነጽሩ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ቀብተሽ፣ በለስላሳ ጨርቅ ጥርት እስኪል ጥረጊው። ለተወሰነ ጊዜ ይይዛል።

መልስ፦ ሞተረኛ፣ ዓለም ከተማ

እኔ ከውስጥ በቢላ ትንሽ ፈልፍዬ ለመነጽሬ ቦታ አወጣሁለት። አሁን ተመችቶኛል።

መልስ፦ ሞተረኛ፣ ሸዋ ሮቢት

ወንድሜ፣ የፈለፈልከው ስፖንጁን ነው ወይስ ነጩን ፎም? ስፖንጁ ለምቾት ነው፤ በሳሳ ሊቀየርም ይችላል። ነጩ ፎም ግን ቴሌቪዥን ስትገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ዓይነት ነው፤ ስትወድቅ ተጨፍልቆ ምቱን የሚወስድልህ እሱ ነው። እሱን ከነካኸው በዚያ ሄልሜት አትንዳ።

ጥያቄ፦ የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አንድ የቀረኝ፦ ደህናውን ሄልሜት ከማስመሰያው በምን ልለየው?

መልስ፦ ሞተረኛ፣ ሸዋ ሮቢት

የአገጭ ማሰሪያውን ገልብጠሽ እዪ። የአውሮፓውን የኢሲኢ 22 (ECE 22) ፈተና ያለፈ ሄልሜት ማሰሪያው ላይ የተሰፋ ምልክት አለው። በክብ ውስጥ የእንግሊዝኛው ኢ (E) ፊደል ከቁጥር ጋር ይኖራል። ቁጥሩ ፈቃዱን የሰጠውን አገር ነው የሚያሳየው፦ 1 ጀርመን፣ 3 ጣሊያን፣ 4 ኔዘርላንድስ ነው። ከሥሩ ያለው ረጅም ቁጥር በ06 ከጀመረ አዲሱ ደረጃ ነው፤ በ05 ከጀመረ የቀድሞው። የፒ (P) ፊደል ካለበት አገጩም ተፈትኗል ማለት ነው። ጄ (J) ብቻ ከሆነ አልተፈተነም። አገጩ ለሚነሳው ፒም ጄም ያለበትን ፈልጊ። ከኋላ የሚለጠፈው ዲኦቲ (DOT) የሚል ምልክት የአሜሪካ ነው፤ አምራቹ ራሱ አረጋግጦ የሚለጥፈው ስለሆነ በእሱ ብቻ አትመኚ።

ዋጋ ከመከራከርሽ በፊት ከነመነጽርሽ አድርገሽው ሱቁ ውስጥ ሩብ ሰዓት ቆዪ። ባለሱቁ ቢያጣድፍሽም ቆዪ። ከጆሮ በላይ የሚያም ከሆነ እዚያው ይታወቃል።

መልስ፦ ነርሷ

አሁን ያለሽን ሄልሜት ካንቺ በፊት ማን ያደርገው እንደነበርም መሥሪያ ቤቱን ጠይቂ። አንዴ አደጋ ላይ የተመታ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም ፎሙ ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል። ወድቆበት ከነበረ አዲሱን እስክትገዢ አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ሌላ እንዲሰጡሽ በጽሑፍ አመልክቺ።