ጉልበት ለሚያመው ሰው ሞተር ያለው የእግር መደገፊያ፦ የጤና መድን ይክፈል ወይስ አይክፈል?

ጥያቄው፦ ጉልበታቸው በኦስቲዮአርትራይተስ (የመገጣጠሚያን ልም አጥንት በሚሸረሽር ሕመም) ለተጎዳ ሰዎች፣ በሞተርና በባትሪ የሚሠራ ኤክሶስኬሌተን (ሰውነት ላይ ታስሮ እንቅስቃሴን የሚያግዝ መሣሪያ) ወጪው በጤና መድን ይሸፈን?

የታማሚ ልጅ፦ ይሸፈን። እናቴ ደረጃ መውረድ ትፈራለች። ስለምትፈራ ከቤት አትወጣም። ስለማትወጣ የጭኗ ጡንቻ ሟሸሸ፤ ሕመሙም ባሰ። ይሄን አዙሪት የሚሰብር ነገር ካለ ቅንጦት ነው አትበሉኝ።

ፊዚዮቴራፒስት፦ ወንድሜ፣ የእናትህ ነገር ይገባኛል። ግን መሣሪያዎቹን በአንድ ስም ባንጠራቸው ጥሩ ነው። ለእግር ጉዞ የሚሸጡት ብዙዎቹ ወገብ ላይ ይታሰራሉ። ሞተራቸው ዳሌ ላይ ስለሆነ ጭንን ያነሳሉ። ዳገት ላይ ድካም ይቀንሳሉ እንጂ ጉልበትን በቀጥታ አያግዙም። ለጉልበት የተሠሩት ሌሎች ናቸው። ሰው ከወንበር ሲነሳና ደረጃ ሲወርድ የፊት ጭን ጡንቻን ሥራ ይጋራሉ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በሜዳ ስንራመድ እንኳ ጉልበታችን የሰውነታችንን ክብደት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይሸከማል። ብዙው ጫና ደግሞ የሚመጣው ጡንቻው ሲኮማተር አጥንቶቹን እርስ በርስ ስለሚያጣብቃቸው ነው። ሞተሩ በሰዓቱ ካገዘ እፎይታ አለ። ሰዓቱን ከሳተ ግን ያደናቅፋል፤ ለአዛውንት መውደቅ ቀላል አይደለም።

የመድን ሠራተኛ፦ እኔ አይከፈል ባይ ነኝ። ሪዎክ የተባለው ኤክሶስኬሌተን እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ለአከርካሪ ጉዳት ነበር። ያ ሰው ያለ መሣሪያው ቆሞ አይሄድም። ጉልበቱን የሚያመው ግን እያነከሰም ቢሆን ይራመዳል። ደግሞ የተሸረሸረ ልም አጥንት በሞተር አይመለስም። በዓለም 365 ሚሊዮን ገደማ ሰው የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ አለበት። የቱ መድን ይችለዋል? መጀመሪያ እንቅስቃሴና ክብደት መቀነስ ይቅደም።

የታማሚ ልጅ፦ እግሯ እያመማት በምን ትንቀሳቀስ?

ፊዚዮቴራፒስት፦ እሱ ነው ቁም ነገሩ። መሣሪያው እንቅስቃሴውን የሚተካ ሳይሆን የሚያስጀምር ይሁን። መድኑ አይግዛው፤ ለተወሰነ ጊዜ ይከራይ፣ ከፊዚዮቴራፒ ጋር። ከዚያ ታካሚዋ ያለ መሣሪያው ከወንበር መነሳቷ ይለካ። ጡንቻዋ ካልጠነከረ ይቁም።

የመድን ሠራተኛ፦ ኪራይ ከሆነና ከተለካ ልነጋገርበት እችላለሁ።

የታማሚ ልጅ፦ እኔም። ግን እናቴ ብቻዋን ማሰርና መፍታት መቻሏ መጀመሪያ ይታይ። ካልቻለች ጥግ ላይ ነው የሚቀመጠው።