በአነስተኛ ወጪ ስኩባ ዳይቪንግ በሞቃታማ ደሴት፦ ከምኑ ይቆጠባል?

ሁለት ፊን፦
ሰላም ለሁላችሁም። ሁለት ጓደኛሞች ነን። መዋኘት እንችላለን፣ የዳይቪንግ ፈቃድ ግን የለንም። የአንድ ሳምንት እረፍት ስላለን ሞቃት ባሕር ያለበት ደሴት ሄደን የኦፕን ዋተር (የጀማሪ ዳይቪንግ) ኮርሱን እዚያው ጨርሰን ጥቂት ተጨማሪ ጠለቃ ማድረግ እንፈልጋለን። ገንዘባችን ውስን ነው። የት እንሂድ? ዕቃ እንግዛ ወይስ እንከራይ? ማስታወቂያ ላይ የሚወጣው የኮርስ ዋጋስ የመጨረሻው ነው?

ጥልቀት18፦
የመጨረሻው አይደለም። ለትምህርት ቤቱ ጽፋችሁ ጠይቁ፦ የኦንላይን ትምህርቱ፣ የዕቃ ኪራዩ፣ ጀልባው፣ የባሕር ፓርክ መግቢያውና የምስክር ካርዱ ዋጋው ውስጥ አሉ? ራቅ ላለ ቦታ የነዳጅ ጭማሪ አለ? ርካሽ የመሰለው ኮርስ ብዙ ጊዜ በእነዚህ በኩል ነው የሚወደደው።

ለጀማሪና ለቀጭን ኪስ ሁሌም የሚነሱት ሁለት ደሴቶች ናቸው፤ የታይላንዷ ኮ ታኦና የሆንዱራሷ ኡቲላ። ሁለቱም ትንንሽ ናቸው። ትምህርት ቤቶቹ ጎን ለጎን ስለሚወዳደሩ ዋጋው ይወርዳል፤ ኮርስ ለሚወስድ ሰው የጋራ መኝታ በነፃ ወይም በቅናሽ የሚሰጡም ብዙ ናቸው። ወቅቱን ግን እዩ። ኮ ታኦ ላይ ዝናቡና ማዕበሉ የሚበረታው በፈረንጆቹ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ነው፤ ያኔ ውሃው ይደፈርሳል፣ ጀልባም ይሰረዛል። ካሪቢያን ላይ የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። በእነዚህ ወራት የሚገኘው የአልጋ ቅናሽ ሁለት ቀን ባሕር ሳትገቡ ብትቀሩ ትርፉ የት አለ?

ማልዲቭስ የሀብታም ብቻ ይመስላል፤ ከ2009 ወዲህ ግን ነዋሪ ባለባቸው ደሴቶች ላይ የእንግዳ ማረፊያዎች ስለተፈቀዱ ከሪዞርት በጣም ባነሰ ዋጋ ማደር ይቻላል። በሪፎቹ (በኮራል ድንጋዮቹ) መካከል ባሉት መተላለፊያዎች ያለው የውሃ ፍሰት ግን ለጀማሪ ከባድ ነው። ካርዱን ካገኛችሁ በኋላ ብትሄዱ ይሻላል።

በፓዲ ወይስ በኤስኤስአይ (ሁለቱ ካርድ ሰጪ የዳይቪንግ ድርጅቶች) ብላችሁ አትጨነቁ። ሁለቱም አይኤስኦ 24801-2 የተባለውን ዓለም አቀፍ የዳይቪንግ ሥልጠና መስፈርት ያሟላሉ፤ ካርዳቸውም በየትኛውም አገር ይሠራል፣ የሚፈቅደውም እስከ 18 ሜትር ነው። ይልቅ አንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ እንደሚይዝ ጠይቁ። የፓዲ ደንብ በክፍት ውሃ እስከ 8 ተማሪ ይፈቅዳል፤ በእኔ እይታ ግን ከ4 በላይ ከሆነ አስተማሪው አንዱን ሲያስተካክል ሌላው ብቻውን ነው። ጥቂት ጨምሮ መክፈል የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው። ንድፈ ሐሳቡን ከመነሳታችሁ በፊት በኦንላይን ጨርሱት፤ አለበለዚያ ባሕሩን በመስኮት እያያችሁ ቪዲዮ ስትመለከቱ ትውላላችሁ።

ኦሪንግ፦
ስለ ዕቃው እኔ ልመልስ። ኮርስ ላይ ሆናችሁ ቢሲዲ (በአየር የሚነፋው የጠላቂ ጃኬት) እና ሬጉሌተር (ከአየር ሲሊንደሩ የሚተነፈስበት ዕቃ) መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ሬጉሌተር በየጊዜው ሰርቪስ ይፈልጋል፣ ቢሲዲው ደግሞ የሻንጣ ኪሎ ይበላል። ግዙ ካላችሁ ማስክ ብቻ ግዙ፤ የኪራይ ማስክ የሌላ ሰው ፊት የለመደ ነው። ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ ለጥፋችሁ በአፍንጫ ሳቡ፤ እጃችሁን ስትለቁ ካልወደቀ ልኩ ነው። ፀጉር ጠርዙ ሥር ከገባ ወይም የላይኛው ከንፈር ላይ ወፍራም ሪዝ ካለ ውሃ ያስገባል። አዲስ ማስክ መስታወቱ ላይ ከፋብሪካ የቀረ ስስ ሽፋን ስላለው በጭጋግ ይሸፈናል። ውስጡን በተራ ነጭ የጥርስ ሳሙና ደጋግማችሁ አሽታችሁ እጠቡት።

የኪራይ ዕቃ ስትረከቡ አትፈሩ፣ ፈትሹ። ሲሊንደሩ ሳይከፈት ሬጉሌተሩን አፍ ውስጥ አድርጋችሁ ሳቡ፤ አየር ከገባ የሆነ ቦታ ያፈሳል፣ ውሃ ውስጥም ውሃ ያስገባል። ከዚያ ሲሊንደሩን ክፈቱና የግፊት መለኪያውን እያያችሁ አራት ጊዜ ተንፍሱ። መርፌው በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደታች ከዘለለ ቫልቩ በሙሉ አልተከፈተም። አየሩ የዘይት ወይም የጭስ ሽታ ካለው ያን ሲሊንደር ተዉት፤ ክርክር አያስፈልገውም። ቢሲዲውን ሙሉ ነፍታችሁ አሥር ደቂቃ አስቀምጡት፤ ከለሰለሰ ቀዳዳ አለው።

ባሕረኛው፦
ከላይ በተባለው ላይ አንድ የቁጠባ መንገድ ልጨምር፤ ማንም የማያነሳው አየር ነው። የአንድ ጠለቃ ክፍያ 25 ደቂቃም ብትቆዩ 45 ያው ነው። የተለመደው የአልሙኒየም ሲሊንደር የውስጥ መጠኑ 11.1 ሊትር ነው፤ አየሩ ግን ታምቆ ነው የሚሞላው። ከ200 ባር (የግፊት መለኪያ) ጀምራችሁ 50 ባር ስታስቀሩ የምትጠቀሙት 1,665 ሊትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ ሲጨምር ግፊቱም ስለሚጨምር፣ ከውሃው በላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው 10 ሜትር ላይ 40 ሊትር፣ 18 ሜትር ላይ 56 ሊትር ይጨርሳል። ስለዚህ 18 ሜትር ላይ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ 10 ሜትር ላይ ከ40 ደቂቃ ያልፋል። ቀለሙም ያለው ጥልቀት በሌለው ቦታ ነው፤ ከጥቂት ሜትሮች በታች ቀይ ይጠፋል።

አየር በከንቱ የሚያስጨርሰው ዋናው ነገር ለመስመጥ የሚያዘው የእርሳስ (የብረቱ) ክብደት መብዛት ነው። ክብደቱ ሲበዛ ቢሲዲው ውስጥ ብዙ አየር ትጨምራላችሁ፣ እግር ወደታች ይንጠለጠላል፣ መቅዘፉም ያደክማል። ልኩን ለማወቅ ሲሊንደሩ 50 ባር ላይ ሲደርስ የቢሲዲውን አየር አራግፋችሁ ውሃው ገጽ ላይ ሳትቀዝፉ ቀጥ ብላችሁ ተንሳፈፉ፤ በተለመደ ትንፋሽ ውሃው ዓይናችሁ ላይ መድረስ አለበት። በሙሉ ሲሊንደር ከለካችሁ ግን 2 ኪሎ ገደማ ጨምሩ፤ አየሩ ሲያልቅ ሲሊንደሩ በዚያው ልክ ይቀልላል።

ካርዱን ይዛችሁ ልምድ ስታገኙ ደግሞ ከባሕር ዳርቻ መጥለቅን አስቡ። የካሪቢያኗ ደሴት ቦኔር ላይ የጠለቃ ቦታዎቹ በመንገድ ዳር በቢጫ ድንጋይ ተለይተዋል። መኪና ለአራት ተከራይቶ ሲሊንደር እየሞሉ መሄድ የጀልባውን ወጪ ያስቀራል። የተፈጥሮ ፓርክ ክፍያውና መጀመሪያ ላይ ችሎታ የሚታይበት ጠለቃ ግን ግዴታ ናቸው።

ሁለት ፊን፦
እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ የረሳሁት አለ፤ አንዳችን ልጅ ሳለ አስም ነበረው። እንቅፋት ይሆናል? ደግሞ የመመለሻ በረራችን ጠዋት ነው፤ ከዚያ በፊት ባለው ቀን ብንጠልቅስ?

ባሕረኛው፦
አስሙ በራሱ አያግድም፤ ከጤና መጠይቁ ላይ ግን «አዎ» ሊያስብል ይችላል፤ ያኔ የሐኪም ፊርማ ሊፈለግ ይችላል። ፎርሙን አሁኑኑ ከትምህርት ቤቱ አስልኩና፣ ፊርማ ካስፈለገ እዚያው አገራችሁ አስፈርሙ። ደሴት ላይ ደርሳችሁ ከታወቀ የክሊኒክ ክፍያና የጠፋ ቀን ይደርስባችኋል። «አይ» ብሎ መዋሸት ደግሞ መድኑን ዋጋ ያሳጣል። ስለ መድን ካነሳን፣ ተራው የጉዞ መድን ብዙ ጊዜ ስኩባን አያካትትም ወይም በጥልቀት ይገድበዋል። ለጠለቃ ሕመም የሚሰጠው የግፊት ክፍል ሕክምናና የማጓጓዣ ወጪ መጻፉን አረጋግጡ።

በረራው ላይ አትደራደሩ። ለብዙ ቀን ተደጋጋሚ ጠለቃ ከመጨረሻው በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ይመከራል፤ ሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጂን በአውሮፕላን ውስጥ ባለው ዝቅተኛ ግፊት አረፋ ይሠራል። ጠዋት 3 ሰዓት የምትበሩ ከሆነ በዋዜማው ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ውሃ ውስጥ መሆን የለባችሁም፤ እኔ ብሆን ቀኑን ሙሉ እተወዋለሁ። ዕቃ ለማድረቅም ቀኑ ያስፈልጋል፤ እርጥብ ዌትሱት (የጠላቂ ልብስ) ሻንጣ ላይ ሁለት ኪሎ ይጨምራል።