ሄሊዮስን ለጀማሪ እንዴት እናቅልለው? (ጥያቄና መልስ)

ፒያሳ_9 (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የሥራ አመራር ኮሚቴውን በሄሊዮስ (በብራውዘር ምስጢራዊ ድምፅ የሚሰጥበት ነፃ የምርጫ ሶፍትዌር) ሊመርጥ ነው። አባላቱ 220 ናቸው፤ ከ9 እጩ 5 ይመረጣል። ምርጫው በአዳራሽ ነው፣ የአዳራሹ ኢንተርኔት ደግሞ አያስተማምንም። ለዘንድሮው የሚያውቅ ሰው አለን። የምንፈልገው በሚቀጥለው ዓመት የማኅበሩ ጸሐፊ ራሷ እንድታስኬደው ነው። የሞከሩት ጀማሪዎች ሦስት ቦታ ላይ ይቆማሉ፦ ዊንዶውስ ላይ አይጫንም፤ ቢጫንም ስልክ ላይ አይከፈትም፤ ቢከፈትም ኢሜይል አይወጣም። የአማርኛ መመሪያ እየጻፍን ስለሆነ ምን እናስገባ፣ ምን እናውጣ?

ተርሚናል
መጀመሪያ የምታወጡት ራሱን የአጫጫን ምዕራፉን ነው። ሄሊዮስ በፓይተንና በጃንጎ የተሠራ ሲሆን ፖስትግሬስ የመረጃ ቋት፣ ራቢት ኤምኪው የሚባል የወረፋ አገልግሎትና ሴለሪ የሚባል ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ይፈልጋል። እነዚህን ሁሉ ዊንዶውስ ላይ አንድ በአንድ እንዲያስማማ ጀማሪን ማስገደድ ለማንም አይጠቅምም። የሚያውቀው ሰው ቨርቹዋል ቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚፈጥር ፕሮግራም) ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጭኖ፣ ሁሉም አገልግሎት ማሽኑ ሲበራ አብሮ እንዲነሳ አድርጎ፣ በአንድ ፋይል ኤክስፖርት ያድርገውና በፍላሽ ይስጣት። ላፕቶፑ 8 ጊጋ ራም ካለው 4ቱን ለቨርቹዋል ማሽኑ ስጡት።

እዚህ ላይ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ብዙ ፍላሾች በፋት 32 ስለሚፎርማቱ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበሉም። 32 ጊጋው ፍላሽ ባዶ ሆኖም ኮፒው እምቢ ይላል። በኤክስ ፋት ፎርማት አድርጉት።

ስልክ ላይ አለመከፈቱ ከሦስት ነገር ይመጣል። የቨርቹዋል ቦክሱ ኔትወርክ በመጀመሪያ የሚገኘው ናት ላይ ነው (ማሽኑ ከላፕቶፑ ጀርባ ይደበቃል)፤ ወደ ብሪጅድ ቀይሩት (ራውተሩ ላይ የራሱ አድራሻ ይኖረዋል)። ብሪጅድ በዋይፋይ አንዳንዴ ስለሚያስቸግር ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኙት፤ ስልኮቹ ዋይፋዩን ይጠቀሙ። ሁለተኛው ሰርቨሩ 127.0.0.1 ላይ ብቻ፣ ማለትም ከራሱ ማሽን ብቻ መስማቱ ነው፤ ከሌላም እንዲሰማ 0.0.0.0፣ ፖርት 8000 አድርጉት። ሦስተኛው ሴቲንግስ ፋይሉ ነው። «ዩአርኤል ሆስት» እና «አላውድ ሆስትስ» የሚባሉት ሁለቱም እንደመጡ ከተተዉ ሎካልሆስት ይላሉ፤ ስልክ ላይ ሎካልሆስት ማለት ደግሞ ስልኩ ራሱ ነው። በቦታቸው የቨርቹዋል ማሽኑን አድራሻ አስገቡ (የላፕቶፑን አይደለም)፣ ለምሳሌ 192.168.1.10። አድራሻው እንዳይቀያየርም ራውተሩ ላይ አስይዙት። ስልኩ «ባድ ሪኩዌስት 400» ካለ ያልተስተካከለው አላውድ ሆስትስ ነው።

አራት_ኪሎ_ሊኑክስ
ኢሜይሉን በተመለከተ፣ ከሁሉ በፊት ሴለሪ መነሳቱን እዩ። ሄሊዮስ ኢሜይሉን ወረፋ ላይ ያስቀምጠዋል እንጂ በቀጥታ አይልከውም። ከወረፋው አንስቶ የሚልከው ሴለሪ ነው፤ ድምፅ የሚቆጥረውም እሱው ነው። ስለዚህ ኢሜይል አልወጣም ብላችሁ ዝም ብትሉ ማታ ቆጠራው «እየተሰላ ነው» እንዳለ ይቀራል።

በጂሜይል የምትልኩ ከሆነ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩና የመተግበሪያ ይለፍ ቃል (ጂሜይል ለአንድ ፕሮግራም ብቻ የሚሰጠው) አውጡ፤ ፖርቱ 587 ነው። ነፃው አካውንት በቀን 500 ተቀባይ ገደማ ላይ ያቆማችኋል። ለ220 ሰው አንድ ጥሪና አንድ ማስታወሻ 440 ይሆናል፤ የሙከራውን መላኪያ በሌላ ቀን አድርጉት።

ለእናንተ ግን ኢሜይሉን ትቶ የታተመ ወረቀት ይሻላል እላለሁ። ሄሊዮስ ለእያንዳንዱ መራጭ የሚያወጣው ይለፍ ቃል የመረጃ ቋቱ ውስጥ እንዳለ ይነበባል፤ አትሙት፣ በፖስታ አሽጉት፣ በር ላይ መታወቂያ እያያችሁ ስጡ። የሚያትመው ሰው ሁሉንም ስለሚያይ ብቻውን አይሥራ፤ አስመራጭ ኮሚቴው ባለበት ይታተም፣ ፋይሉም እዚያው ይጥፋ። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍማ አይታሰብም።

ቃለ_ጉባኤ
ሰዓቱን ማንም አላነሳም። ሄሊዮስ የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓት የሚጠይቀው በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ነው፤ አዲስ አበባ በ3 ሰዓት ትቀድመዋለች። ጸሐፊዋ ጧት 3 ሰዓት ይከፈት ካለች የምትጽፈው 06:00፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ይዘጋ ካለች 14:00 ነው። ዝም ብላ 11:00 ብትጽፍ ምርጫው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይዘጋባታል። ከዚህ ሁሉ ሁለቱንም ባዶ መተው ይቀላል፤ ምርጫው ሲቆለፍ (ጥያቄውና እጩዎቹ እንዳይለወጡ ሲደረግ) ድምፅ መስጠት ይከፈታል፣ ቆጠራ ሲታዘዝ ይዘጋል። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የመራጮች ዝርዝር በሲኤስቪ (በነጠላ ሰረዝ የተለየ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) ይገባል። ኤክሴል ላይ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8» የሚለውን ምረጡ፤ ተራውን ሲኤስቪ ከመረጣችሁ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። መለያውን ከስም ሳይሆን ከአባልነት ደብተር ቁጥር አድርጉት። አንዱ «ፀሐይ» ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ከጻፈ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ያደርጋቸዋል፣ አንዲት አባልም ሁለት ድምፅ ይኖራታል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረቱ አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው። በነገራችን ላይ መተዳደሪያ ደንባችሁ በኤሌክትሮኒክ መምረጥን ይፈቅዳል? ካልጠቀሰው አስቀድማችሁ በጉባኤ አስወስኑና በቃለ ጉባኤ ያዙት።

ሰማያዊ_ታክሲ
መመሪያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ስለ ሰርቨሩ አይደለም፣ ስለ መራጩ ነው። መራጩ እጩዎቹን ይመርጣል፣ ያያል፣ ብራውዘሩ ድምፁን ያመሰጥርና ረጅም የመከታተያ ኮድ ያሳየዋል። ብዙ ሰው ኮዱን ሲያይ የጨረሰ ይመስለውና ስልኩን ኪሱ ይከታል። ድምፁ ግን ገና አልገባም! አስገባ ብሎ፣ የደብተር ቁጥሩንና ይለፍ ቃሉን ጽፎ፣ የመጨረሻውን ማረጋገጫ መጫን አለበት። የዚያን የመጨረሻ ገጽ ፎቶ በር ላይ ለጥፉና «ይህን ካላዩ አልመረጡም» በሉት። አስመራጩም የገባውን ድምፅ ቁጥር ከታደለው ፖስታ ጋር እያስተያየ ይቆይ።

«ኦዲት» የሚለው ቁልፍ ማመስጠሩ ትክክል መሆኑን ለመፈተን ነው፤ የተፈተነው ድምፅ ተከፍቶ ስለሚታይ አይቆጠርም፣ እንደገና መመስጠር አለበት። ጥሩ ነገር ቢሆንም ከመመሪያው ፊት አታስቀምጡት። ተሳስቶ የመረጠ ደግሞ ድጋሚ መምረጥ ይችላል፤ የሚቆጠረው የመጨረሻው ነው።

የሄሊዮስን ጽሑፍ ወደ አማርኛ ስትመልሱ መራጩ የሚያያቸውን ገጾች ብቻ ያዙ። የአስተዳዳሪው ገጽ ይቆይ። ጥያቄው ላይ ዝቅተኛውን 0፣ ከፍተኛውን 5 አድርጉ፤ የእጩዎቹን ቅደም ተከተል የሚያዘበራርቀውንም አብሩት፣ አለዚያ ከላይ የተጻፈው ይጠቀማል።

ፒያሳ_9
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ የቆጠራ ቁልፉን (የተመሰጠረውን ውጤት የሚከፍተውን ዲጂታል ቁልፍ) ሦስት የኮሚቴ አባላት ቢይዙት ይሻላል? ራውተራችንስ ተራ የቤት ራውተር ነው፣ ይበቃል?

ተርሚናል
ሄሊዮስ ላይ የቁልፍ ጠባቂዎቹ ሁሉ መገኘት አለባቸው። ከሦስቱ አንዱ ፍላሹ ከጠፋበት ቆጠራ የለም፣ የሚጠገንበት መንገድም የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰርቨሩ ቁልፍና የቁጥጥር ኮሚቴው አንድ ቁልፍ ይበቃል፤ የቁጥጥሩ በሁለት ፍላሽ ተገልብጦ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። ከሦስት ሁለቱ ቢገኙ ይበቃ የምትሉ ከሆነ ቤሌኒዮስ የሚባለውን ሌላ የምርጫ ሶፍትዌር እዩ። ሄሊዮስን መሠረት አድርጎ ፈረንሳይ ናንሲ የተሠራ ነው፤ ይህን ይፈቅዳል።

ራውተሩ 220 ስልክ በአንዴ አይችልም። ተራ የቤት ራውተር ከ30 ገደማ በላይ ሲሆን መንገዳገድ ስለሚጀምር በረድፍ 20፣ 20 እየጠራችሁ አስመርጡ፤ የጨረሰ ከዋይፋዩ ይውጣ። ዋይፋዩ የሚስጥር ቁጥር ይኑረው፣ አዳራሹ ውስጥ ኤችቲቲፒኤስ (በስልኩና በሰርቨሩ መካከል የሚያልፈውን የሚያመሰጥር) ስለሌላችሁ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ መብራት ሲጠፋ የሚሞተው ራውተሩ ነውና ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) አስገቡለት።

አራት_ኪሎ_ሊኑክስ
ልጨምር፦ ከጉባኤው ሳምንት በፊት 5 ሰው ሆናችሁ የውሸት ምርጫ አካሂዱ፣ እስከ ቆጠራው ድረስ። ከዚያ አጥፉትና አዲስ ምርጫ ክፈቱ፤ ምርጫው አንዴ ከተቆለፈ ጥያቄውም እጩውም አይነካም። ከመቆለፉ በፊትና ከተዘጋ በኋላ የመረጃ ቋቱን በ«ፒጂ ዳምፕ» (የፖስትግሬስ መገልበጫ ትዕዛዝ) ገልብጡ፤ አንዱ ቅጂ ለቁጥጥር ኮሚቴው፣ አንዱ ለጸሐፊዋ።