ከፍሳሽ ቦይ በታች በዓባይ ውኃ ሰላጣ ማጠጣት ይቻላልን?

ጠያቂ (ሰባታሚት)፦
ከባሕር ዳር በታች በዓባይ ዳር ባለችን ማሳ ሰላጣና ቆስጣ እናለማለን። ከፓምፓችን ከፍ ብሎ የፍሳሽ ቦይ ወደ ወንዙ ይገባል፤ ባለፈው ሳምንት በቦዩ አፍ ላይ ያላለቁ የኦክሲቴትራሳይክሊን ብልቃጦችና የአሞክሲሲሊን እሽግ (ሁለቱም ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ናቸው) አገኘሁ። ጎረቤቶቼ «ለዓባይ ይህ ምኑ ነው?» ይሉኛል። እውነት ጉዳት የለውም? ውኃውን ማፍላትስ ይበቃል?

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
ውኃው ሲበዛ መድኃኒቱ ይቀጥናል፤ ነገሩ ግን በዚያ አያበቃም። ባክቴሪያን ለመግደል ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ መጠን እንኳ መድኃኒቱ የሚጎዳቸውን እያዘገመ እሱን የተላመዱት፣ ማለትም የማይገድላቸው፣ እንዲበዙ ያደርጋል፤ የተላመዱትም ፕላዝሚድ በሚባል የዲኤንኤ ቀለበት አማካይነት ይህን ችሎታቸውን ለሌላ ዝርያ ባክቴሪያ ጭምር ያቀብላሉ። አሞክሲሲሊን ውኃ ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል፤ ኦክሲቴትራሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው ሌላ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ግን ከደለል ጋር ተጣብቀው ስለሚቆዩ እኔን ከውኃው ይልቅ ጭቃው ያሰጋኛል። በሕንድ ሃይደራባድ አቅራቢያ የመድኃኒት ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ከሚያጣራ ጣቢያ በወጣ ውኃ ውስጥ በሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን መገኘቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ የእናንተ ቦይ ያን ያህል ይሸከማል ማለቴ ግን አይደለም። ብልቃጦቹ ባይኖሩም፣ ሰው ከዋጠው አሞክሲሲሊን አብዛኛው ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል፤ ዓይነ ምድርም የተላመዱትን ባክቴሪያዎች ይዞ ይመጣል። ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል፣ መድኃኒቱን ሁሉ ግን አያጠፋም፤ ለማሳ ደግሞ ማን አፍልቶ ይዘልቀዋል?

አትክልት አምራች፦
እኔ የፓምፔን መምጠጫ ከፍሳሽ ቦዩ በላይ አዛውሬዋለሁ። ጫፉን ከባዶ ጀሪካን ጋር አስሬ ስለማንሳፍፈው ጭቃ አይስብም። ውኃውን በቅጠሉ ላይ ሳይሆን በመስኖ ቦይ ወደ ሥሩ ይልቀቁት፤ ከመሰብሰብዎ በፊትም ለጥቂት ቀናት ማጠጣቱን ያቁሙ።

የእንስሳት ሐኪም፦
ብልቃጦቹን ወንዝ ውስጥ አይጠቡ፣ ሽንት ቤትም አይጨምሩ፤ ለእንስሳት ክሊኒክ ወይም ለመድኃኒት ቤት ያስረክቡ። የታከመች ላም እበትም መድኃኒቱን ስለሚይዝ ሳይብላላ ማሳ ላይ አይበትኑት።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብልቃጦቹን በጓንት ለቅሜ ክዳን ባለው ባልዲ አስቀምጫለሁ። አሁን የደረሰውን አትክልት ምን ላድርገው?

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
ቆስጣውን በደንብ አብስላችሁ ብሉት። ሰላጣው ግን በጥሬው የሚበላ ስለሆነ ይህን ዙር ለገበያ አያውጡት።